ሙከራ ያልነበረው «ድረሱልኝ»

ለክቡር ኢንጂነር ጥዑመልሳን
የቡሪ ሐበሾች የመረዳጃ ክበብ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ካርቱም፣ መጋቢት 2001 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የካርቱም ሙቀት እንዳያገኝዎ፣ የክፍልዎ ማቀዝቀዣ እንዳይቆምብዎ፣ ሃቦብ የሚሉት የአሸዋ ነፋስ ሲነሣ አቧራው እርስዎን ዘልሎ እኛ ላይ እንዲያርፍ አላህን እለምናለሁ። ከሁሉ በላይ ያችን የቀትር እንቅልፍዎን፣ ቀይሉላዎን፣ ማንም እንዳያቋርጥብዎ እመኛለሁ። እንቅልፍዎን ያነሣሁት ለሰላምታ ማድመቂያ አይደለም፤ ወደ ታች ስንወርድ እናገኘዋለን።

እኔ ሙሄዲን ነኝ፤ የአል-ማንሺያ ሰፈሩ ገፊር፣ ማለትም ዘበኛ። የወሎ ሰው ነኝ፤ ጠጉሬ የነጣው እዚህ ከተማ የሰው በር ስጠብቅ ነው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትምም፤ ቆጥረው የሚያፍሩበትን ሥራ የሠሩ ሰዎች ስላየሁ። ይህን የሚጽፍልኝ ወዳጄ አቶ ገብረየስ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጨዋ የጎንደር ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ክቡር ሆይ» እና «በታላቅ ትሕትና» የሚል ሲያገኙ ጥልፉ የገብረየስ ነው፤ የሚወጋ ነገር ሲያገኙ ደግሞ መርፌው የእኔ ነው።

ለእርስዎ ብቻ ብልክ ይሻል ነበር ያሉኝ ሽማግሌዎች አሉ። ግን ለእርስዎ ብቻ የተላከ መልእክት ምን እንደሚደርስበት ስላየሁ፣ ይህኛው በክበቡ በር ላይ እንዲለጠፍ፣ ዓርብ ከጁምዓ ለሚወጣው እንዲነበብ፣ እሑድም ገብረየስ ከቅዳሴ ለሚወጣው እንዲያነብ አድርጌያለሁ። ቢደመሰስ እንኳ የሰማ ይኖራል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ልጄ ከውሰርና ጓደኛዋ ህሊና በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። በእርስዎ ክፍል ኮምፒውተር ተምረው፣ ለሞባይል ስልክ የምትጫን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠሩ። ስላስተማሯቸው አመሰግናለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እሾህ የሌላት ምስጋና ይቺው ናት፤ በደንብ ይያዟት፤ ሌላ አያገኙም። የፕሮግራሟን ስም «ድረሱልኝ» አሏት። አንዲት ሠራተኛ ቤት ውስጥ ተቆልፎባት፣ ወይም ተደብድባ፣ ወይም ወረቀቷን ተቀምታ ብትጨነቅ፣ ስልኳ ላይ አንዲት ቁልፍ ስትነካ መልእክት ይሄዳል፤ ስሟንና የምትሠራበትን ቤት ምልክት ይዞ። የዚህ ከተማ ቤት እንደሆነ ቁጥሩን ማንም አያውቀው፤ ምልክት ነው የሚያገናኘን። ረሺዳ የምትባለው የእህቴ ልጅ ጀብራ ሰፈር ውስጥ ትሠራ ነበር፤ የቤቷ ምልክት ሁለት የኒም ዛፍ ነው። ጽሑፍ ለማላነበው ለእኔም ልጆቹ የየቤቱን ምልክት በሥዕል አበጁልኝ፤ መልእክት ሲመጣ ስልኬ እንደ አህያ እንዲያናፋ አደረጉልኝ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አህያ ሲያናፋ የሚተኛ ሰው የለም።

ይህን ካልሁ ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ። ስለ ወፍጮዎ።

ፕሮግራም ሲጻፍ ጥሬ እህል ነው አሉኝ። ስልክ ጥሬ አይበላም፤ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ በስልኩ አፍ ልክ ተጠፍጥፎ መግባት አለበት። ይህን የሚያደርገውን መሣሪያ ልጆቹ «ቢልድ» ይሉታል፤ እኔ ወፍጮ ብየዋለሁ፤ ገብረየስም ይሁን ብሏል። የክበቡ ማሽን ዊንዶውስ የሚሉት ነው። ከውሰር ያላት ላፕቶፕ የአሠሪዎቿ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ የተወላት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሊኑክስ የሚሉት ነው። የህሊና ደግሞ አገሯ የገባች ፈረንጅ አሠሪዋ ትታላት የሄደችው ማኪንቶሽ ነው። የቤት ሠራተኛ ማሽን አታማርጥም፤ የተረፈውን ትወስዳለች፤ በተረፈውም ትሠራለች።

እርስዎ ያበጁት ወፍጮ ግን በክበቡ ማሽን ካልሆነ በሌላ አይዞርም። ለምን ቢባል፣ «ዕቃው ዲ ከሚባለው ጓዳ ውስጥ ነው» ብለው ጽፈውበታል። የእርስዎ ማሽን ዲ የሚባል ጓዳ አለው። የልጆቹ የለውም። ወፍጮው እነሱ ቤት ሲገባ ዲ የት አለ ብሎ ይጠይቃል፣ ያጣል፣ ይቆማል። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ፣ ጎረቤቱን «ጨው ሲያስፈልግህ ከጓዳዬ ውሰድ» ብሎ ጓዳውን ቆልፎ ገበያ የወጣ ሰው ነው። ቸርነቱ አይካድም።

ልጆቹም ዓርብ ዓርብ፣ ያችን አንዲት የዕረፍት ቀናቸውን፣ ሥራቸውን በፍላሽ ዲስክ ይዘው፣ ፍላሹን በመሐረብ ቋጥረው፣ በሃፍላ አውቶቡስ ተጋፍተው ወደ ቡሪ ይመጡ ነበር፤ የእርስዎን ወፍጮ ደጅ ለመጥናት። በየማሽኑ የሚዞር አድርገን እናስተካክለው ብለው ሲለምኑዎ፣ «ስታንዳርድ የሚባል ነገር አለ፤ ሁሉም በአንድ ማሽን ይሠራል» አሏቸው። በአገሬ ወንፈል የሚባል ነገር አለ። ሰው የየራሱን በሬ ነድቶ ይመጣል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዳልቻ፣ አንዱ ቀንደ ሰባራ። የወንፈል ጠሪ «የእኔን በሬ ያልመሰለ አይጠመድም» ካለ ብቻውን ያርሳል። እርስዎ ግን ብቻዎን እንኳ አላረሱም።

ሁለተኛ። ስለ ቀይሉላዎ።

መጀመሪያ መልእክቱ የሚሄደው ወደ እርስዎ ስልክ ነበር። ኃላፊ ነኝና የእኔ ቁጥር ይግባ ያሉ ራስዎ ነዎት፤ በክበቡ ስብሰባም ተጨብጭቦልዎታል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ልጆቹ ሲሠሩ ለሙከራ ጥቂት መልእክት ላኩ። አንዳንዱ በቀትር ደረሰ። እርስዎም እንቅልፌ ተቋረጠ፣ ቁጥሬ ይውጣ አሉ። ልክ ነዎት፤ የተኛ ሰው ድረሱልኝ ቢሉት ምን ያደርጋል? ስለዚህ የእኔ ቁጥር እንዲገባ ተወሰነ። እኔ ገፊር ነኝ፤ ሌሊቱን ነቅቶ ማደር ሙያዬ ነው፤ ቀን ደግሞ ሽማግሌ ምን እንቅልፍ አለው።

ሦስተኛ። ስለ ሰዓት።

እዚህ ላይ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ፤ ሰዉ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚደናገረው።

ቁጥሩን ከእርስዎ ወደ እኔ የቀየረችው ከውሰር ናት፤ አንድ ዓርብ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በራሷ ላፕቶፕ። በዚያው ዓርብ ረፋድ ላይ እርስዎ በክበቡ ማሽን አሮጌውን ፈጭተው አስቀምጠዋል። ወፍጮዎ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ እህሉን አያይም፤ ሰዓቱን ነው የሚያይ። የመጣው ጥሬ ከተፈጨው ዱቄት በኋላ የተነካ ከሆነ ይፈጫል፤ በፊት የተነካ ከሆነ «ይህንማ ፈጭቼዋለሁ» ብሎ ይተወዋል።

የከውሰር ላፕቶፕ ሰዓት በእኛ በሐበሾች አቆጣጠር ነው የተሞላው። እርስዎ ከቀትር በኋላ ሁለት የሚሉትን እኛ ስምንት እንላለን። ማሽን ደግሞ ስምንትን የሚያውቀው የጠዋት አድርጎ ነው። እንግዲህ ከቀትር በኋላ የተሠራው ሥራ ከረፋዱ ፍጭት በፊት እንደተሠራ ተቆጠረ። ሥራዋን በፍላሹ ወደ ክበቡ ማሽን ብታስገባው፣ ወፍጮዎ ሰዓቱን አየ፤ አሮጌ ነው አለ፤ አልፈጨም። «ሁሉም የተሟላ ነው» ብሎ በፈረንጅ አፍ መለሰ። ልጆቹ አንድ ስልክ ላይ እንሞክረው ቢሉ፣ እርስዎ ክፍሉን የሚዘጉበት ደርሶ ነበርና «ያላ፣ ያላ፣ የተሟላ ነው ብሏል እኮ» ብለው ለተሰለፉት ሴቶች ስልክ ላይ አስጫኑት። ሴቶቹም አመስግነው ሄዱ። ስልካቸው ውስጥ ያለው ቁጥር የእርስዎ እንደሆነ እርስዎም አላወቁ፣ እኛም አላወቅን።

በኋላ ማስታወቂያ አወጡ፤ «ጥፋቱ የተጠቃሚዎች የሰዓት አሞላል ነው» የሚል። ገብረየስ ሲያነብልኝ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አልሁ። ያን ሰዓት እንዲያ ሙይው ያልኋት እኔ ነኝ፤ ዛሬም እላታለሁ። በዚያ ላፕቶፕ ዙሪያ ተቀምጠው የሚማሩት ሴቶች ሰዓት የሚያውቁት እንደ እናታቸው ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ስትቆይ አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ ካለዎ ያስተምሩኝ። ደግሞስ ይህች የምንኖርባት አገር ራሷ ከጥቂት ዓመት በፊት ሰዓቷን ወደ ፊት ገፍታ የለም? ያን ጊዜ በአዲሱ የሚቀጥርና በአሮጌው የሚቀጥር ሰው በየሱቁ ደጅ ሲጠፋፋ እርስዎም እዚሁ ነበሩ። ያን ያየ ሰው ሰዓትን ዳኛ አድርጎ አይሾምም። ከየቤቱ ከየማሽኑ እህል የሚቀበል ወፍጮ፣ እህሉን ዘግኖ ማየት እንጂ «በስንት ሰዓት መጣህ» ብሎ መጠየቅ ምን ይሠራለታል?

አራተኛ። ስለ ረሺዳ።

ገብረየስ ይህን ክፍል አለዝበህ ተናገር ብሎኛል። አላለዝብም፤ እሱም ይጽፋል።

የረሺዳ አሠሪዎች ለመንገድ ሲነሡ በሩን ከውጭ ቆልፈውባት ሄዱ። ቤት እንድትጠብቅ ነው፤ ዕቃ ይመስል። የዱቄቱ ጆንያ ውስጥ የደበቀቻትን ስልክ አወጣች፤ ቁልፏን ነካች። ከነካች በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፤ ለሴቶቹ ሁሉ የተናገርሁት እኔ ነኝና። «ከነካሽ በኋላ አትጩኺ፤ በር አትስበሪ፤ ሌባ እንዳይሉሽ። ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ እንመጣለን» ብያለሁ። ረሺዳ ቃል አክባሪ ናት። ጠበቀች። በርሜሉ ውኃ እያለቀ ጠበቀች። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ሞተ፤ አሁንም ጠበቀች። እኔ በዚያን ጊዜ አል-ማንሺያ በር ላይ ተቀምጬ ስልኬን በደረት ኪሴ ይዤ ነበር። አላናፋም። አላህ ይመስገን፣ ዛሬ ሁሉም ደኅና ነው እል ነበር።

ውኃው ሲያልቅ ከሰገነቱ በቧንቧው ልትወርድ ሞከረች። ወደቀች። ከኒሙ ሥር ያገኛት አንድ የረክሻ፣ የባጃጅ፣ ነጂ ነው፤ ሱዳናዊ፤ ስሙን እንኳ ሳይነግረን ሐኪም ቤት አድርሷት የሄደ። ቢልድ አያውቅም፤ ስታንዳርድ አያውቅም፤ የወደቀች ሴት ያውቃል። አሁን ረሺዳ ከእኔ ክፍል ተኝታለች፤ ጭኗ ውስጥ ብረት ገብቷል። ሐኪሙ ትሄዳለች ይላል፤ እንደ ድሮዋ ግን አላለም።

እርስዎ በክበቡ ስብሰባ ላይ ሲጠየቁ በግልጽ ተናገሩ፤ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። «አንዲት መልእክት መጥታልኛለች፤ ቁጥሬ የወጣ ስለመሰለኝ፣ ልጆቹ ለሙከራ የላኳት ናት ብዬ ደመሰስኳት» አሉ። ከዚያም «መዕለሽ» አሉ፤ ምንም አይደል እንደማለት። ክቡር ሆይ፣ መዕለሽ ሻይ ለደፋ ሰው ጥሩ ቃል ነው። የወጣ ቁጥር ላይ መልእክት ቢመጣ፣ በር የሚጠብቅ ማይም እንኳ «ይህ ነገር እንዴት መጣ?» ብሎ ይነሣል። እርስዎ ግን ተኝተው ነበር፤ ተኝተው ስለነበሩም መነሣት ነበረብዎ፤ መነሣትም እንቅልፍ ያቋርጣል። ነገሩ እንደ ቀለበት ይዞራል፤ መውጫ አጣሁለት።

አምስተኛ። ስለ ቁልፍዎ።

ልጆቹ ካለቀሱ በኋላ ተቀመጡ። ከውሰር በሊኑክሷ፣ ህሊና በማኪንቶሿ፣ አዲስ ወፍጮ አበጁ። ዲ የሚባል ጓዳ አይጠይቅም፤ ዕቃውን ራሱ ከቆመበት ይፈልጋል። ሰዓት አያይም፤ ጥሬውን ከጥሬው ጋር አስተያይቶ፣ አንዲት ፍሬ ከተለወጠች እንደገና ይፈጫል። አንድ የክበቡ ወጣት በቤቱ ባለው ዊንዶውስም ሞከረላቸው፤ ዞረ። በሦስቱም ፈጭተው እያንዳንዱን ገመድ በማይፈልገው በወጣቱ ስልክ ላይ ጭነው ነኩት፤ ሦስቴም የእኔ ኪስ አናፋ። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምሁ፤ ሙከራ መሆኑን እያወቅሁ ቆምሁ።

እርስዎ ምን አደረጉ? «ያልጸደቀ መሣሪያ ወደ ክፍሉ አይገባም» ብለው ክፍሉን ቆለፉ። የሴቶቹ ስልክ ርካሽ ነው፤ ፕሮግራም የሚገባው በገመድ ብቻ ነው፤ ገመዱም ያለው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ዓርብ መጥተው የክፍሉን በር ተቆልፎ ያገኙ ሴቶች አሉ፤ ከቡሪ፣ ከጀብራ፣ ከዚያም ከሚርቅ። በረንዳው ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠው ጠብቀው፣ አሠሪ እንዳይቆጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። ስልካቸው ውስጥ አሁንም ያለው የእርስዎ ቁጥር ነው። በአፍ ነግረናቸዋል፤ ግን የነገርናቸው የመጡትን ነው። ያልመጡት፣ በር የተዘጋባቸው ናቸው። ቁልፏን የሚነካው ደግሞ የተዘጋበት ሰው ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ካሳ አልጠየቅሁም። ከሥልጣንዎ ይውረዱ አላልሁም፤ ወንበሩ ለእርስዎ ይመቻል፤ ጀርባው ይዘረጋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይቅርታም አልፈልግም፤ መዕለሽዎ ገና አላለቀልኝም። የሚመጣው ዓርብ ክፍሉን ይክፈቱ። ማሽኑን ልጆቹ ይንኩት፤ ገመዱን ይስጧቸው። በየትኛውም ማሽን ይፈጭ፣ በየትኛውም ሰዓት ይፈጭ፣ ከሴቶቹ ስልክ የእርስዎ ቁጥር ይውጣና የእኔ ይግባ። ኢንሻአላህ እንዳይሉኝ፤ ኢንሻአላህ በዚህ ከተማ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እከፍታለሁ ይበሉ።

ካልከፈቱም እኔ በር የመጠበቅ ሰው ነኝ። ወንበሬን ይዤ መጥቼ ከክፍልዎ ደጅ እቀመጣለሁ። በር ፊት በመቀመጥ ማንም አይበልጠኝም፤ የዕድሜ ልክ ሙያዬ ነው።

በዚሁ፣ ለክቡርነትዎ እጅ ለመንሣት ከወገቤ ጎንበስ እላለሁ፤ ጎንበስ ያልሁት ግን ጫማዬን ለማሰር እንደሆነ ይታወቅልኝ። ስለ ዲ ጓዳዎ፣ ስለ ሰዓትዎ፣ ስለ ስታንዳርድዎ፣ የአል-ማንሺያ ገፊሮች፣ የጀብራ ሠራተኞችና ከእኔ ክፍል አልጋ ላይ የተኛችው ልጅ ምስጋናቸውን እንዳደርስ አዘውኛል። ፊርማ አላውቅም፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳርፌያለሁ። የእኔ ጣት በየትኛውም ማሽን አንድ ነው።

እንቅልፍዎን የሚጠብቅልዎ፣
ሙሄዲን፣ ገፊር

በቃሌ የጻፈው፣ ገብረየስ፣ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ክፍሉ እስኪከፈት ድረስ ሴቶቹ ቢጨነቁ የሚጠሩት እርስዎን ነው። ስለዚህ በትሕትና የምመክርዎ፣ ባትሪዎን ሞልተው፣ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ስልኩን ከራስጌዎ አድርገው እንዲተኙ ነው።

ይህን ጽፈን ከጨረስን በኋላ ገብረየስ ለረሺዳ ከፍ አድርጎ አነበበላት። እርስዎ በስብሰባው «አንዲት መልእክት» ካሉበት ላይ ስንደርስ አስቆመችንና ይህን ጨምሩልኝ አለች፦ «አጎቴ፣ ሁለቴ ነው የነካሁት በሏቸው። መጀመሪያ በሩ የተቆለፈ ዕለት፤ ኋላም ውኃው ሲጎድል፣ ስልኩ ሳይሞት። የመጀመሪያዋስ ሙከራ መሰለቻቸው፤ ሁለተኛዋ ምን መሰለቻቸው?»